ሐሰተኛው ደብዳቤ አማርኛ ተማረ

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን ሐረር ኤረር በር የደረሰው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ነው። ከዘይላ ሲነሣ የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። ወደ ከተማዋ ሲቃረብ ግን ማስመሰሉ አላዋጣውም፤ የቆዳውን ንጣት ያየ ሁሉ «ቱርክ ነው» ይለው ጀመር። ቱርክ ተብሎ ከመጠርጠር እንግሊዛዊነቱን ገልጦ መግባት ይሻለኛል አለ። ችግሩ ለሐረሩ አሚር የሚያቀርበው የመንግሥት ደብዳቤ አልነበረውም። ቁጭ አለና፣ በኤደን ከተቀመጠው የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል የተላከ የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ።

በሩ ላይ ዘበኛ ነበር። መልእክቱ አሚሩ ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ በርተንና አጃቢዎቹ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ሲፈቀድላቸው ገቡ። አሚር አሕመድ ኢብን አቡበክር ደብዳቤውን ተቀብለው በዓይናቸው ገረፍ አደረጉት፤ ምንጣፉ ላይ አኖሩትና የመጣበትን ጉዳይ በቃል እንዲያስረዳ ጠየቁት። በርተን በዐረብኛ አስረዳ። ዐሥር ቀን በከተማዋ ሰንብቶ በሰላም ወጣ፤ ደብዳቤውን ራሱ መጻፉንም በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሳይደብቅ ተረከው።

ሐረር ያን ጊዜ ያልታጠረች ከተማ አልነበረችም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ ዙሪያዋን ይዟታል። ማታ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ቁልፉ አሚሩ ዘንድ ያድራል፤ ጎሕ ሳይቀድ የሚወጣ የለም። በርተን ግን ግንቡን አልዘለለም፤ በሩንም አልሰበረም። የሄደው ሌላ ቀዳዳ ፈልጎ ነው፤ ደብዳቤው እውነት ከኤደን መምጣቱን በዚያች ሰዓት የሚያጣራ ሰው በሐረር አለመኖሩን ያውቅ ነበር።

ዛሬ ባንክ፣ ቴሌኮምና መንግሥታዊ ተቋም ላይ ከሚደርሰው የሳይበር ጥቃት እጅግ ብዙው የሚጀምረው በዚሁ መንገድ ነው። ባለሙያዎቹ ሶሻል ኢንጂነሪንግ ይሉታል፤ በአገራችን አነጋገር ማታለል ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በብዙዎቻችን አፍ ኤአይ፣ አዲስ የማታለል ዓይነት አልፈጠረም። በርተን ለአንድ ደብዳቤ ዐረብኛ ማጥናት፣ ወራት መዘጋጀትና ሕይወቱን አደጋ ላይ መጣል ነበረበት። ዛሬ ያው ሥራ የአንድ ደቂቃ ሆኗል፤ የሚሠራውም ሰው የሚያታልለውን ሕዝብ ቋንቋ ማወቅ አይጠበቅበትም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እዚህ ላይ ነው፦ ለእኛ ትልቁ ለውጥ ሐሰተኛው ደብዳቤ አማርኛ መማሩ ነው። በሳይበር ደህንነት መስክ ሥራ የሚፈልግ ወጣትም ተስፋውን መፈለግ ያለበት እዚያው አካባቢ ነው።

የፊደል ግድፈት ያተረፈው ገንዘብ

እንደ አውሮፓውያኑ በፌብሩዋሪ 2016 የመረጃ መንታፊዎች የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክን ሥርዓት ሰብረው ገብተው፣ ኒው ዮርክ ከሚገኘው ሒሳቡ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ጥቂት የቀረው ገንዘብ እንዲተላለፍ ትእዛዝ ላኩ። 81 ሚሊዮን ዶላሩ ወደ ፊሊፒንስ ወጣ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን ግን ተረፈ። ምክንያቱ አስቂኝ ነው፤ ሌቦቹ ገንዘብ ተቀባይ ያሉትን ድርጅት ስም ሲጽፉ «ፋውንዴሽን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አበላሹት። ግድፈቱን ያየ ባንክ ጥያቄ አነሣ፤ ዝውውሩም ቆመ።

እኛም አገር ለዓመታት ከዚህ የማይለይ ጥበቃ ነበረን። «እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸንፈዋል» የሚል መልእክት ስልካችን ላይ ሲገባ አማርኛው ራሱ ያጋልጠው ነበር። ጾታው የተምታታ፣ ግሡ የተንጠለጠለ፣ ፊደሉ የተዘበራረቀ ስለሆነ አንባቢው ፈገግ ብሎ ያጠፋዋል። ከውጭ የሚነሣ አጥቂ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛ ወይም ለሐረሪ ተናጋሪ ብሎ ጊዜውን አያባክንም ነበር። ቋንቋችን ሳናስበው ግንብ ሆኖልን ኖሯል።

ጉግል ትርጉም አማርኛን ያስገባው እንደ አውሮፓውያኑ በ2016፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን ደግሞ በ2022 ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ቻትጂፒቲ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ቋንቋ አቀናባሪ ማሽኖች ያለብዙ ችግር የሚነበብ አማርኛ ይጽፋሉ። የባንክ ማስታወቂያ ወግ ያውቃሉ፤ «ክቡር ደንበኛችን» ብለው ጀምረው «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ብለው ይዘጋሉ። ይህ በጎ ነገር ነው፤ ገበሬውም ተማሪውም ይጠቀምበታል። ሌባውም እንዲሁ።

አሳሳቢው ሚዛኑ ነው። የማጭበርበሪያ መልእክትን ለይተው የሚያግዱ መሣሪያዎች በዋነኛነት የሠለጠኑት በእንግሊዝኛና በጥቂት ትልልቅ ቋንቋዎች ነው። የእኛ ሰው ግን አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ «ሰ»ንና «ሠ»ን እንዳሻው ይለዋውጣል። ሐረር ላይ ደግሞ አንዱ ዓረፍተ ነገር በሐረሪ ተጀምሮ፣ በኦሮምኛ ተሻግሮ፣ በአማርኛ ሊያልቅ ይችላል። አጥቂው አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ከተሳካለት ይበቃዋል። ጠባቂው ማሽን ግን ይህን ሁሉ ውጥንቅጥ ማወቅ አለበት። እስካሁን ባለው ሁኔታ ማሽኑ የእኛን ቋንቋ ለሌባው ፈጥኖ፣ ለዘበኛው ዘግይቶ አስተምሯል።

ጽሑፍ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2023 ይፋ ባደረገው ምርምር፣ ማሽን የአንድን ሰው ድምፅ ለመቅዳት የሦስት ሰከንድ ናሙና እንደሚበቃው አሳየ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የእንግሊዙ የምህንድስና ኩባንያ አሩፕ የሆንግ ኮንግ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የበላይ ኃላፊውንና የሥራ ባልደረቦቹን አየ፣ ሰማ፤ ታዘዘም። በ15 ዝውውር 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ላከ። ስብሰባው ላይ ከእርሱ በቀር እውነተኛ ሰው አልነበረም።

ይህን ወደ ሐረር እናምጣው። ልጁ ወይም እህቱ ቶሮንቶ፣ ሜልቦርን ወይም ጂዳ የሌለችበት ቤት በጀጎል ጥቂት ነው። ቤተሰቡ የሚገናኘው በዋትስአፕና በኢሞ የድምፅ መልእክት ነው፤ የሠርጉ፣ የዒዱ፣ የምርቃቱ ቪዲዮ በየገጹ ተለጥፏል። ከዚያ ውስጥ ሦስት ሰከንድ ማግኘት የሚከብደው የለም። «እማዬ፣ ስልኬ ጠፍቶብኝ በሰው ስልክ ነው የምደውለው» የሚለውን ድምፅ ሰምታ የማትደነግጥ እናት ደግሞ የት ትገኛለች?

«አቦ፣ ላክሁልሽ እኮ!»

ኤረር በር ዛሬ ገበያ ነው። ከገጠር የመጣ እንጨት፣ አትክልትና ጫት ከበሩ ውጭና ውስጥ ይሸጣል። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶቹ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግብይቱ ከእጅ ወደ ስልክ እየዞረ መጥቷል። እንደዚህ ባለ ገበያ ወረፋው ሲበዛ፣ ጥላው ሲያዘነብል፣ ሁሉም ሲቻኮል የሚሆነውን ልብ ብሎ ማየት ለሳይበር ደህንነት ተማሪ አንድ ወሰነ ትምህርት ይተካል።

ገዢው ስልኩን ያወጣል፤ ሻጯ ቁጥሯን ትነግረዋለች። ጥቂት ይነካካና ስክሪኑን ወደ እርሷ ያዞረዋል። አረንጓዴ ምልክት አለ፣ የገንዘቡ መጠን አለ፣ ስሟ አለ። «አቦ፣ ላክሁልሽ እኮ!» ይላል። ያልተጠነቀቀች ሻጭ ዕቃውን ትሰጣለች። ማታ ሒሳቧን ስታይ ብሩ የለም፤ ያየችው የተቀነባበረ ደረሰኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሐሰተኛ ደረሰኝ ለመሥራት ድሮ ፎቶ የማቀናበር ችሎታ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ፎቶውን ሰጥቶ «ስሙንና መጠኑን ለውጥልኝ» ማለት ይበቃል።

የተጠነቀቀችው ግን የገዢውን ስክሪን ከነጭራሹ አታይም። የራሷን ስልክ ታወጣለች፤ ከቴሌብር ቁጥር 127 አጭር መልእክት እስኪገባ ትጠብቃለች። አንዳንዷ መልእክቱንም አታምን፤ ሒሳቧን ከፍታ ቀሪዋን ታያለች። ገዢው ቢቆጣ፣ ቢለማመጥ፣ «ታውቂኝ የለም እንዴ?» ቢል አትነቃነቅም።

የአሩፕ ሠራተኛ የጎደለው ይህ የሻጯ ልማድ ብቻ ነው። ላኪው ባሳየው ከማመን ይልቅ በሌላ መንገድ፣ ራሱ በሚያውቀው ቁጥር ደውሎ ቢጠይቅ ኖሮ 25 ሚሊዮኑ ባልወጣ ነበር። ፊት፣ ድምፅና ማኅተም ማስረጃ መሆናቸው ባከተመበት ዘመን የሚያዋጣው መልሶ መጠየቅ ነው። ትልልቅ ተቋማት ለዚህ ሥርዓት የውጭ ስም ሰጥተው ብዙ ገንዘብ ያፈሱበታል። ጫት ሻጯ ግን በኪሳራ ተምራዋለች።

ሰባሪ የሌለበት ስብራት

የአገራችን ሁለት ክስተቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ያስተምራሉ። የመጀመሪያው በሰኔ 2012 ዓ.ም. የደረሰው ነው። የሕዳሴ ግድብ ሙሌት ሊጀመር ሲል፣ «ሳይበር ሆረስ» ብሎ ራሱን የሰየመ መቀመጫው ግብፅ የሆነ ቡድን በኢትዮጵያ የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ዘመተ። የተወሰኑት ገጾች ላይ የዛቻ ጽሑፍና ምስል ተለጠፈ። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ጥቃቱ የከፋ ጉዳት ሳያደርስ መክሸፉን አስታወቀ። ጠላት የታወቀ፣ ዓላማው የታወቀ፣ ዜናውም ለመጻፍ የሚመች ነበር።

ሁለተኛው ላይ ጠላት አልነበረም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ መቻላቸውን ደረሱበት። ወሬው በቴሌግራም በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዳረሰ፤ ተማሪው ሌሊቱን ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ባንኩ ሥርዓቱን እስኪዘጋ ከ490 ሺህ በላይ ግብይት ተፈጸመ፤ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለ አግባብ ወጣ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ችግሩ በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገለጹ። አብዛኛው ገንዘብ በኋላ ተመልሷል፤ ያልመለሱትን ባንኩ ስማቸውንና ፎቶአቸውን እስከ መለጠፍ ደርሷል።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ያስፈራል ቢባል የኋለኛው ነው። የሆረስ ዘመቻ ገጽ አቆሸሸ። የንግድ ባንኩ ሌሊት ግን አንድ በቅጡ ያልተፈተሸ ለውጥ በአገሪቱ ትልቁን ባንክ ምን ሊያደርገው እንደሚችል አሳየ። ይህን ከኤአይ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ፤ የኮድ አጻጻፉ ራሱ እየተለወጠ ነው። ፕሮግራመሩ ዛሬ ግማሹን ሥራ ለማሽን ይሰጣል። ማሽኑ ፈጣን ነው፤ ሲሳሳትም በራስ መተማመን ይሳሳታል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተካሄደ አንድ ጥናት፣ ኮድ ጻፊ ማሽኖች «ይህን ዝግጁ የኮድ ጥቅል ተጠቀም» ብለው ከሚመክሯቸው ከአምስቱ አንዱ ያህል በዓለም ላይ የሌለ መሆኑን አረጋግጧል። አጥቂው ያንን የሌለ ስም ቀድሞ ያስመዘግብና መርዙን ያስቀምጥበታል፤ ምክሩን አምኖ ያወረደ ወጣት በገዛ እጁ በሩን ይከፍትለታል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በጎ ዕቅድ ነው። በብዛት የሚጻፍ ኮድ ግን በዚያው ልክ የሚመረምር ዓይን ይፈልጋል። ጸሐፊ በሚሊዮን እያሠለጠንን መርማሪ በመቶ ካሠለጠንን የመጋቢትን ሌሊት በየከተማው እንደግመዋለን።

ማሽን በማሽን ላይ

እስካሁን ያነሣነው ሰውን ስለማታለል ነው። ሌላው ግንባር ማሽን የማሽንን ድክመት የሚያስስበት ነው። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ባዘጋጀው ውድድር፣ በኦገስት 2025 ማጠቃለያው ላይ የቀረቡት ኤአይ ሥርዓቶች ያለ ሰው ድጋፍ በሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብለው ከተተከሉ ስህተቶች 54ቱን አገኙ፤ 43ቱን ጠገኑ። ማንም ያልተከላቸው 18 እውነተኛ ስህተቶችም ተገኙ። ወጪው በአንድ ሥራ በአማካይ 152 ዶላር ነበር። ለዚህ ዓይነት ሥራ ባለሙያ በቀን የሚያስከፍለውን ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል።

ይኸው ችሎታ በሌላ እጅም ገብቷል። ክሎድ የተባለውን ማሽን የሚሠራው አንትሮፒክ በኖቬምበር 2025 እንዳስታወቀው፣ የቻይና መንግሥት ድጋፍ አለው ያለው ቡድን ማሽኑን በመጠቀም ወደ 30 በሚሆኑ ተቋማት ላይ ዘምቷል፤ ከሥራው ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን የሠራው ማሽኑ ራሱ ነበር። አጥቂዎቹ ማሽኑን የረቱት ደግሞ እንደ በርተን ነው፤ ሕጋዊ የደህንነት ፈታሾች ነን ብለው አሳመኑት። ደስ የሚለው፣ ማሽኑ አለቆቹንም ያሳስት ነበር፤ ያላገኘውን የይለፍ ቃል አገኘሁ እያለ ያስለፋቸው ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያ ምን ማለት ነው? እስከ ዛሬ ትንሽ ባንክ፣ የክልል ቢሮ፣ የወረዳ ሆስፒታል «እኛን ማን ያጠቃናል?» ብሎ ይጽናና ነበር። መጽናኛው ስሌት ነበረው፤ ጎበዝ አጥቂ ውድ ስለሆነ ጊዜውን ትልልቁ ላይ ያጠፋ ነበር። ወጪው ሲረክስ ትንሹም ያዋጣል። የፋይዳ መታወቂያ የዐሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይዞ ወደ ባንኩና ወደ ቢሮው ሁሉ እየገባ ባለበት ወቅት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሚስጥር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል። አሻራ ግን አይቀየርም።

መሰላሉ የመጀመሪያ እርከኑን ሲያጣ

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። «ሳይበር ተማር፣ ሥራ አታጣም» የሚለው ምክር በየቤቱ ይሰማል። መነሻ የለውም አይባልም። አይ.ኤስ.ሲ.ቱ የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ማኅበር በ2024 ባወጣው ጥናት በዓለም 5.5 ሚሊዮን የሳይበር ደህንነት ሠራተኛ እንዳለ፣ 4.8 ሚሊዮን ተጨማሪ እንደሚያስፈልግ ገምቷል። ምክሩን የሚሰጡ ሰዎች የማይጠቅሱት ግን በዚያው ጥናት አለ፤ በዚያ ዓመት የሠራተኛው ቁጥር አላደገም ማለት ይቻላል፤ ዋናው ምክንያትም የበጀት እጥረት ነበር። ያስፈልጋል ማለትና ይቀጠራል ማለት የተለያየ ነገር ነው።

ኤአይ ደግሞ የመጀመሪያውን እርከን እየነቀለ ነው። አዲስ ተመራቂ በዚህ ሙያ የሚጀምረው በክትትል ክፍል ነው፤ ከየኮምፒውተሩ የሚጎርፈውን የማስጠንቀቂያ ምልክት ሌት ተቀን እያየ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለያል። አሰልቺ ነው። ማሽን የሚወደውም እንዲህ ያለውን ሥራ ነው። ማይክሮሶፍት ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለዚሁ የሚያገለግል ረዳት ለገበያ አቅርቧል፤ ሌሎቹም ተከትለዋል። ቀጣሪው ያሰላል፦ ዐሥር ጀማሪ ከመቅጠር ሁለት ልምድ ያላቸውና አንድ ማሽን።

ስሌቱ ለዛሬ ትክክል ነው፤ ለነገ ግን ጉድጓድ ይቆፍራል። ልምድ ያለው ሰው የሚገኘው ከዚያ አሰልቺ ክፍል ነው። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲገናኝ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት አስተዋለ። ማንም አላዘዘውም፤ ማስጠንቀቂያም አልበራም። ነገሩ አላስተኛው ብሎ ሲከተለው፣ ኤክስዜድ በተባለ በዓለም ዙሪያ በሚሠራበት ሶፍትዌር ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ሲዘጋጅ የቆየ ስውር በር አገኘ። ያ ዓይን የሚሠራው ጤናማውን ሥርዓት ዓመት ከዓመት በማየት ነው። ጀማሪን ከበሩ ያስወጣ ተቋም ከዐሥር ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ያመጣል?

የኢትዮጵያዊው ወጣት መንገድ በዚህ ላይ የራሱ ጋሬጣ አለው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀን አንድ ልጅ እናስብ። ውጭ የሚታወቅ የመግቢያ ሰርተፊኬት ፈተናው ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የፈተናው ዋጋም አብሮ ወጥቷል። በኢንተርኔት የሶፍትዌር ስህተት አግኝቶ ሽልማት መቀበልም ክፍያውን ወደዚህ አገር ማምጣት ካልተቻለ ከንቱ ድካም ነው። ቀሪው ተስፋ ባንኮቹ፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሳፋሪኮም፣ ኢንሳና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኢንስቲትዩት ናቸው፤ የአብዛኞቹ ዋና ቢሮ አዲስ አበባ ነው።

ታዲያ ተስፋው የት ላይ ነው? ማሽኑ ደካማ የሆነበት ላይ ነው፤ እርሱም እኛ ያለንበት ቦታ ነው።

አንደኛ፣ ቋንቋው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ የሚጻፍን የማጭበርበሪያ መልእክት የሚለይ ማሽን ለማሠልጠን በመጀመሪያ መልእክቶቹን የሚሰበስብ፣ የሚያጣራና ምልክት የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። አንድን ዓረፍተ ነገር አይቶ «ይህ የሐረር ሰው አነጋገር አይደለም» ማለት የሚችል ሰው ከካሊፎርኒያ አይመጣም። አራት ቋንቋ እየሰማ ያደገ የጀጎል ልጅ ይህን ያለ ትምህርት ይዞታል፤ የሚጎድለው የኮምፒውተሩ ሙያ ነው፤ እርሱን መማር ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤቱ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ዲጂታል ማስረጃ የሚሰበሰብበትን መንገድ ደንግጓል። አዋጁ ሲወጣ ግን የሌላን ሰው ድምፅ ማስመሰል ማንም በስልኩ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ነገ አንድ ዳኛ ፊት «ይህ ድምፅ የእኔ አይደለም» የሚል ተከሳሽ ሲቆም፣ እውነቱን መርምሮ የሚመሰክር ባለሙያ ያስፈልጋል። ፖሊስም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ ጠበቃም ይፈልጉታል። ይህ ሙያ በክልል ከተሞች ገና ባዶ ሜዳ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕጉን ማስከበሩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል። የሰው መረጃ የሚሰበስብ ተቋም ሁሉ፣ ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም ሆቴልም፣ ኃላፊነት ተጥሎበታል። አዋጁን ከቢሮው አሠራር ጋር የሚያገናኝ፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስን፣ መረጃ ሲያፈተልክ ሪፖርት የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሰው ኮድ መጻፍ ብቻ አያፈራውም፤ ሕግና ሰው ማወቅ ይጠይቃል።

አራተኛ፣ ፍተሻው። የንግድ ባንኩ ሌሊት ያስተማረን፣ ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት «እስቲ ቆይ» የሚል ሥልጣን ያለው መርማሪ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ነው። ማሽን የጻፈውን ኮድ ማሽን ሊፈትሸው ይችላል፤ «ይህ ለውጥ አርብ ማታ አይገባም» ብሎ ኃላፊነቱን የሚፈርመው ግን ሰው ነው። ስህተት ሲደርስ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ማሽን ደግሞ አይከሰስም።

ሸክሙን ማን ይሸከም?

የኢንሳ ማሳሰቢያዎችና በየዓመቱ ጥቅምት የሚከበረው የሳይበር ደህንነት ወር ተደጋጋሚ መልእክት «ዜጎች ይጠንቀቁ» ነው። ተገቢ ነው። ነገር ግን ሐሰተኛው ከእውነተኛው በዓይንም በጆሮም በማይለይበት ጊዜ ጥንቃቄን ሁሉ በእናቶችና በጫት ሻጮች ጫንቃ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። ባንክና የሞባይል ገንዘብ ድርጅት ለአዲስ ተቀባይ የሚላክን ከፍ ያለ ገንዘብ ለጥቂት ሰዓት ማዘግየት ይችላሉ። የተጭበረበረ ሰው ሌሊትም ቢደውል ዝውውሩን የሚያግድ፣ በቋንቋው የሚያናግረው ሰው ማስቀመጥ ይችላሉ። ሁለቱም ውድ ቴክኖሎጂ አይፈልጉም፤ ሁለተኛው እንዲያውም ሥራ ይፈጥራል።

ሐረር ለቅስቀሳው የራሷ መሣሪያ አላት። አፎቻ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ለሠርግና ለሐዘን የተደራጀ ነው፤ እድሩም እንዲሁ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን የት አገር እንዳለ ያውቃሉ። «ከውጭ ተደውሎ ገንዘብ ከተጠየቅሽ ከመላክሽ በፊት በምታውቂው ቁጥር መልሰሽ ደውዪ፤ ካልተነሣ ለጎረቤትሽ ንገሪ» የሚለው ምክር በቴሌቪዥን ከሚተላለፍ ማስታወቂያ ይልቅ በአፎቻ ስብሰባ ላይ ሥር ይሰዳል። ሌባ ሁልጊዜ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ችኮላና ብቸኝነት። ሁለተኛውን የሚያጠፋ ተቋም እዚህ ከጥንት ጀምሮ አለ።

መንግሥት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቋል፤ ኢንሳም ታዳጊዎችን በክረምት እየሰበሰበ ያሠለጥናል። የሚቀረው ተመራቂውን ከመጀመሪያው እርከን ጋር ማገናኘት ነው። ባንኮች የክትትል ክፍላቸውን ለማሽን ሲያስረክቡ፣ በየክፍሉ ከማሽኑ ጎን ተቀምጦ ውሳኔውን የሚመረምር ጀማሪ እንዲኖር በግዴታ ቢጠየቁ፣ ወጪው ከአንድ የመጋቢት ሌሊት ኪሳራ አይበልጥም። ዩኒቨርሲቲዎችም ሳይበርን ከቋንቋና ከሕግ ትምህርት ክፍሎች ጋር ማጋባት አለባቸው፤ የነገው ሥራ ያለው በሦስቱ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ለተማሪው የሚባለው ደግሞ አጭር ነው። ማሽኑን ተማረው፤ ሳይጠቀሙበት መኖር አይቻልም። ግን ከማሽኑ ጋር በፍጥነት አትወዳደር፤ ትሸነፋለህ። የምትቀጠረው እርሱ «ትክክል ነው» ያለውን ነገር ጠርጥረህ፣ በሌላ መንገድ አጣርተህ፣ በስምህ ስለፈረምክበት ነው።